የአንድ ደቂቃ ወሰን፦ ሮበርት ሁክ እና የሰው ዓይን የማየት ልክ

እ.ኤ.አ. በ2010 አፕል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በአንድ ኢንች ርዝመት ውስጥ 326 ፒክስል የያዘ የስልክ ስክሪን ለገበያ ሲያቀርብ፣ የማስተዋወቂያው ፍሬ ነገር ከስክሪኑ ይልቅ የሰውን ዓይን የሚመለከት ነበር። ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር በሚሆን ርቀት ላይ የፒክስሎቹ ብዛት በኢንች 300 ገደማ ከደረሰ፣ ዓይን አንዱን ፒክስል ከጎረቤቱ ለይቶ ማየት አይችልም የሚል ነው። ከስሌቱ በስተጀርባ ያለው ቁጥር አንድ የማዕዘን ደቂቃ፣ ማለትም የአንድ ዲግሪ ስድሳኛ ነው። ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ የሚያያዘው ኔዘርላንዳዊው የዓይን ሐኪም ሄርማን ስኔለን በ1862 ካሳተመው የፊደል ሰሌዳ ጋር ነው፤ ስኔለን የመደበኛ ዓይን መለኪያ ያደረጋቸው ፊደላት የመስመራቸው ውፍረት አንድ ደቂቃ ነበርና። ይሁን እንጂ ከዚያ 188 ዓመት አስቀድሞ፣ በ1674 ይህንኑ ቁጥር የዓይን ወሰን ነው ብሎ በአደባባይ የተሟገተ ሰው ነበር። ይኸውም እንግሊዛዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሮበርት ሁክ ነው።

ይህ አጭር ጽሑፍ የሁክን ሕይወት በዚህ ሙግት ዙሪያ ይተርካል። መከራከሪያው ሁክ በቁጥሩ ትክክል እንደነበረ፣ ቁጥሩ የሚገድበውን ነገር ግን ከሚገባው በላይ እንዳሰፋው ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሁክ በ1635 ከእንግሊዝ ደቡባዊ ጠረፍ ማዶ በምትገኘው የዋይት ደሴት፣ ፍሬሽዋተር በተባለች መንደር ተወለደ። አባቱ የመንደሩ ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ካህን ነበሩ። ልጁ በሽታ የማይለየው፣ በራስ ምታት የሚሠቃይ ስለነበረ መደበኛው ትምህርት አስቸገረው፤ በአንጻሩ የፈታውን የነሐስ ሰዓት አይቶ ከእንጨት ሌላ የሚሠራ ሰዓት እስከ መቅረጽ የደረሰ የእጅ ብልሃት ነበረው። በ1648 አባቱ ሲሞቱ ወደ ለንደን ተልኮ ከሠዓሊው ፒተር ሌሊ ዘንድ ለጥቂት ጊዜ ቆየ። የቀለሙ ሽታ ራስ ምታቱን ስላባባሰበት ሥዕሉን ትቶ ወደ ዌስትሚኒስተር ትምህርት ቤት ገባ፤ ከዚያም ወደ ኦክስፎርድ አመራ። የሥዕል ትምህርቱ ቢቋረጥም እጁና ዓይኑ ያገኙት ልምምድ ከንቱ አልቀረም። ኦክስፎርድ ሳለ የሮበርት ቦይል ረዳት ሆኖ የአየር ማውጫውን ፓምፕ ሠራ፤ በ1662 ደግሞ ገና በምሥረታ ላይ የነበረው የለንደን ሮያል ሶሳይቲ የሙከራዎች ኃላፊ አድርጎ ሾመው። ሥራው በየስብሰባው ለአባላቱ ሙከራ አዘጋጅቶ ማሳየት ነበር። በዘመኑ በሳይንሳዊ ሙከራ እንጀራውን ከበሉ የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ ነው ማለት ይቻላል፤ ምንም እንኳ ደመወዙ በሚገባ ባይከፈለውም።

በ1665 መጀመሪያ ማይክሮግራፊያ የተሰኘው መጽሐፉ ታተመ። ዛሬ ይህ መጽሐፍ በብዛት የሚነሣው በቡሽ ስንጣሪ ውስጥ ባያቸው ክፍሎችና ለእነርሱ በሰጠው ስም ምክንያት ነው፤ ሕዋስ ብለን የምንተረጉመው የአውሮፓውያኑ ቃል ከዚያ የመጣ ነው። ለያዝነው ጉዳይ ግን የመጽሐፉ የመጀመሪያ ምልከታ ይበልጣል። ሁክ ጂኦሜትሪ ከነጥብ እንደሚጀምር ሁሉ እርሱም ምርመራውን ከነጥብ ጀመረ፤ የመርፌ ጫፍንና በወረቀት ላይ የታተመን ነጥብ በማይክሮስኮፕ ተመለከተ። ለዓይን ጥቁር፣ ክብና ጥርት ያለ ሆኖ የሚታየው ነጥብ በማጉያው ሥር ዳርቻው የተቦጫጨቀ፣ መልኩ የጎደፈ የጭቃ ጠብታ መስሎ ታየው። የነጥቡ ክብነት ከወረቀቱ ላይ የሌለ፣ የዓይን አቅም ማነስ ያለበሰው ቅርጽ ነበር። የዛሬው ስክሪን ሠሪ የሚመካበት መርህ ይኸው ነው፤ ከተወሰነ መጠን በታች ያለው ሸካራነት ለተመልካቹ ለስላሳ ሆኖ ይታያል።

መጽሐፉ በታተመበት ክረምት ሁክ ሰማይ ላይ ተመሳሳይ ነገር ገጠመው። ጅራታም ኮከብ በቴሌስኮፕ ሲከታተል ሳለ በአሪየስ የኮከቦች ስብስብ ውስጥ ያለ፣ ለዓይን አንድ ብቻ የሆነ ኮከብ ሁለት ሆኖ ታየው። ዛሬ ጋማ አሪየቲስ የሚባለው ይህ ጥንድ በመካከሉ ያለው ርቀት ከ8 የማዕዘን ሰከንድ ያንሳል። አንድ ደቂቃ 60 ሰከንድ ስለሆነ፣ ጥንዱን ያለ መሣሪያ መለየት ለማንም የሚቻል አልነበረም። እንግዲህ ሁክ ገና 30 ዓመት ሳይሞላው፣ በትልቁም በትንሹም ዓለም ዓይን የሚያቆምበት ድንበር እንዳለ በገዛ ምልከታው ያወቀ ሰው ነበር።

ድንበሩ የት ላይ ነው የሚለው ጥያቄ በዚያ ዘመን ከዓይን ሕክምና ይልቅ ለምድር እንቅስቃሴ የቀረበ ነበር። ኮፐርኒከስ እንዳለው ምድር በፀሐይ ዙሪያ የምትዞር ከሆነ፣ በዓመቱ ሁለት ጫፎች ከተለያየ ቦታ ስለምናይ ቅርብ ያሉት ከዋክብት ቦታቸውን በጥቂቱ የቀየሩ መስለው ሊታዩን ይገባል። ይህ ፓራላክስ የሚባለው ለውጥ ነው። ዴንማርካዊው ታይኮ ብራሄ በአሥራ ስድስተኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ያለ ቴሌስኮፕ፣ በትላልቅ የማዕዘን መለኪያዎች ፈልጎ አላገኘውም፤ ይህም ምድር አትንቀሳቀስም ከሚለው አቋሙ አንዱ ድጋፍ ሆነ። የሁክ መልስ ቀላልና ከባድ ነው። የዓይን ወሰን አንድ ደቂቃ ገደማ ከሆነ፣ ከደቂቃ ያነሰ ለውጥ አለመታየቱ ስለ ሰማዩ ምንም አይነግረንም፤ የሚነግረን ስለ ዓይን ብቻ ነው። ሙግቱ ይህን ያህል ክብደት ስለነበረው ነው ሁክ በቁጥሩ ላይ የማይደራደረው።

በ1673 የዳንዚጉ፣ የዛሬዋ ግዳንስክ ነዋሪ፣ ዮሐንስ ሄቬሊዩስ የመሣሪያዎቹን ዝርዝር የያዘውን ማኪና ሴሌስቲስ የተባለ መጽሐፉን የመጀመሪያ ክፍል አሳተመ። ሄቬሊዩስ ቢራ ጠማቂና የከተማዋ ምክር ቤት አባል ሲሆን፣ በቤቶቹ ጣሪያ ላይ በራሱ ገንዘብ ያቋቋመው የከዋክብት መመልከቻ በአውሮፓ ስመ ጥር ነበር። የጨረቃን ገጽታ በቴሌስኮፕ መርምሮ ካርታዋን ያወጣ ሰው በመሆኑ የሌንስ ጠላት አልነበረም። የከዋክብትን ርቀት ለመለካት ግን የታይኮን መንገድ አጥብቆ ያዘ፤ በቀጭን ስንጥቅ አሻግሮ በባዶ ዓይን ማነጣጠርን መረጠ። ምክንያቱም መናኛ አልነበረም። በቴሌስኮፕ ውስጥ የሚወጠሩት ቀጫጭን ክሮችና ሌንሶቹ ከቦታቸው ትንሽ ቢነቃነቁ ተመልካቹ ሳያውቀው ልኬቱ ሁሉ ይዛባል ብሎ ይሰጋ ነበር።

ሁክ ይህን ሲያነብ የሠላሳ ዓመት የተሳሳተ ድካም አድርጎ ቆጠረው። በ1674 መጀመሪያ በሮያል ሶሳይቲ ስብሰባ ላይ አንድ ሙከራ አሳየ። በተቆጠረ ርቀት ላይ ሲቆም እያንዳንዱ ክፍፍሉ በዓይን ላይ አንድ ደቂቃ የሚሆን ማዕዘን እንዲፈጥር የተሰነጣጠረ ማስመሪያ አቆመ፤ የተገኙት ሰዎችም በትኩረት ተመለከቱት። ክፍፍሎቹ ተደበላልቀው ታዩ እንጂ በግልጽ የለያቸው አልነበረም። ባለፉት ዘመናት ሰዎች የዓይናቸውን ብርታት ጥንድ ከዋክብትን በመለየት ይፈትኑ ነበር፤ የታወቀ ርቀትና የታወቀ ማዕዘን ያለው ፈተና በብዙ ምስክሮች ፊት መቅረቡ ግን አዲስ ነገር ነው። በእኔ ግምት የስኔለን ሰሌዳ እውነተኛ ቅድመ አያት ይህ ማስመሪያ ነው። በዚያው ዓመት ሁክ የሄቬሊዩስን መጽሐፍ የሚነቅፍ ጽሑፍ አሳተመና ሙከራውን መሠረት አድርጎ፣ በባዶ ዓይን የሚያነጣጥር መሣሪያ የቱንም ያህል ቢተልቅ ከደቂቃው ወሰን ሊያልፍ አይችልም ሲል ደመደመ። በሐሳቡ ካልተስማሙት ይልቅ በአነጋገሩ የተቀየሙት ይበዛሉ። ባለጸጋውንና አዛውንቱን ሊቅ እንደ ተማሪ ገሠጸው፤ ከሶሳይቲው አባላት መካከል የሒሳብ ሊቁ ጆን ዋሊስን የመሰሉት ለሄቬሊዩስ አዘነበሉ።

ጉዳዩ በወረቀት ብቻ አላበቃም። በ1679 ከሴንት ሄለና ደሴት የደቡብ ሰማይን ከዋክብት ዘርዝሮ የተመለሰው ወጣቱ ኤድመንድ ሃሌይ ባለ ቴሌስኮፕ ማነጣጠሪያ መሣሪያ ይዞ ወደ ዳንዚግ ተጓዘ። ዕድሜው ገና 22 ነበር። ከግንቦት መጨረሻ እስከ ሐምሌ ድረስ ከሄቬሊዩስና አብራው ትመለከት ከነበረችው ከባለቤቱ ከኤልዛቤት ጋር በየሌሊቱ ለካ። የሆነው ነገር ሃሌይ ያልጠበቀው ነበር። ሄቬሊዩስ አንዱን የከዋክብት ርቀት ደጋግሞ ሲለካ ውጤቶቹ እርስ በርሳቸው ከደቂቃ እጅግ ባነሰ፣ አንዳንዴም በአሥር ሰከንድ ገደማ ልዩነት ብቻ ይገጥሙ ነበር። ሃሌይ ይህንኑ በጽሑፍ መሰከረለት። በዚያው ዓመት በመስከረም መመልከቻው ከነመሣሪያዎቹና ከመጽሐፉ ሁለተኛ ክፍል አብዛኛው ቅጂ ጋር በእሳት ወደመ። ሄቬሊዩስ ከፊሉን መልሶ አቋቋመ፤ በ1685 ባሳተመው መጽሐፍም ቁስሉ እንዳልሻረ አሳየ፤ በ1687 ሞተ።

ወሰኑ አንድ ደቂቃ ከሆነ፣ ከወሰኑ በታች የወረዱት ልኬቶች ከየት መጡ? መልሱ የተገኘው ሁለት መቶ ዓመት ዘግይቶ ነው። በ1892 ቩልፊንግ የተባለ ጀርመናዊ ተመራማሪ አንዱ መስመር በሌላው ላይ ቀጥ ብሎ ሳይገጥም ቢቀር፣ ዓይን ምን ያህል ትንሽ መፈናቀል እንደሚያስተውል መረመረ፤ ከደቂቃ በጣም ያነሰ፣ ጥቂት ሰከንዶች ብቻ የሚሆን መሆኑንም አገኘ። በቤተ ሙከራ በቬርኒየር ካሊፐር የለካ ሁሉ ይህን ችሎታ ሳያውቀው ተጠቅሞበታል፤ መሣሪያው የሚሠራው ሁለት ጭረቶች መግጠም አለመግጠማቸውን ዓይን ከሚገባው በላይ አጥርቶ ስለሚያውቅ ነው። በ1975 ዌስትሃይመር ይህን ችሎታ ሃይፐርአኩይቲ አለው፤ ከልክ ያለፈ የዓይን ጥራት እንደ ማለት ነው።

ምሥጢሩ ሁለቱ ተግባራት የተለያዩ መሆናቸው ነው። ሁለት ነጥቦችን ለይቶ ለማየት በመካከላቸው ያለው ክፍተት በሬቲና ላይ ራሱን ችሎ መውደቅ አለበት። በሬቲና ማዕከል ኮን የሚባሉት ብርሃን ተቀባይ ሕዋሳት እርስ በርሳቸው የሚራራቁት ግማሽ ደቂቃ ገደማ ነው፤ የዓይን ብሌን ስፋት 2.5 ሚሊ ሜትር ሲሆን ደግሞ የብርሃን ሞገድ በመበተኑ ብቻ የአንድ ነጥብ ምስል ወደ አንድ ደቂቃ የሚጠጋ ራዲየስ ያለው ክብ ይሆናል። ሁክ የነካው ግድግዳ ይህ ነው፤ በጥረትም በልምምድም የማይፈርስ ነው። የአንድን መስመር ቦታ ማወቅ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የተበተነው ምስል በብዙ ኮኖች ላይ ስለሚያርፍ፣ አእምሮ እያንዳንዱ ኮን የተቀበለውን ብርሃን አነጻጽሮ የምስሉን መሃል ከአንዱ ኮን ስፋት ባነሰ ስሕተት ይገምታል። የሄቬሊዩስ ማነጣጠሪያም የሚጠይቀው ይህንኑ ነበር። ተመልካቹ ኮከቡን በአንድ ዘንግ ግራና ቀኝ ባሉት ስንጥቆች አሻግሮ እያየ ብርሃኑ በሁለቱም ወገን እኩል እስኪሆን ያስተካክላል። ሁለት ነገሮችን እንዲለይ አይጠየቅም፤ እኩልነትን እንዲፈርድ ነው።

ይህ ማለት ሄቬሊዩስ ረታ ማለት አይደለም። ደጋግሞ አንድ ዓይነት ውጤት ማግኘትና ትክክለኛውን ውጤት ማግኘት አንድ አይደሉም። ከሞቱ በኋላ በ1690 ኤልዛቤት ያሳተመችው የከዋክብት መዝገቡ በዛሬ መለኪያ ሲፈተሽ የተለመደው ስሕተቱ 2 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ከታይኮ የተሻለ አይደለም። የወደፊቱ ሥነ ፈለክም ሁክ እንዳለው የባለ ቴሌስኮፕ ማነጣጠሪያ ሆነ። የተሸነፈው የሁክ አጠቃላይ ድምዳሜ ብቻ ነው፤ አንዱ የዓይን ተግባር ወሰን ስላለው ዓይን በሁሉም ተግባሩ እዚያው ይቆማል የሚለው።

የስክሪኑ ማስተዋወቂያ የወረሰው ይህንኑ ድምዳሜ ነው። ስሌቱን እንሥራው። በ30 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ በትክክል በ12 ኢንች ርቀት ላይ አንድ ደቂቃ 0.089 ሚሊ ሜትር ይሸፍናል፤ ይህም በኢንች 286 ፒክስል ነው። በኮኖቹ ግማሽ ደቂቃ ከተሰላ ግን 573 ይሆናል። ስለዚህ 326 ፒክስል የሁክን ማስመሪያ ያልፋል፤ በጣም ጤነኛ የሆነ ዓይን የሚደርስበትን አያልፍም። ዘንበል ብሎ የተሰመረ መስመር ላይ ደግሞ ነገሩ ይለያል። የእያንዳንዱ ፒክስል ስፋት በዚያ ርቀት 53 ሰከንድ ስለሆነ፣ የመስመሩ ደረጃ ደረጃ አሠራር ዓይን ከሚያስተውለው ጥቂት ሰከንድ መፈናቀል ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ጠርዙ የማይታየን ሶፍትዌሩ በዳርቻው ያሉትን ፒክስሎች በግራጫ እያለዘበ የመስመሩን መሃል ወደ ትክክለኛው ቦታ ስለሚያስጠጋልን ነው፤ ኮኖቹን የሚያታልለው በራሳቸው ብልሃት ነው ማለት ነው።

ለአማርኛ አንባቢ ጉዳዩ ከዚህም ይቀርባል። ሉ እና ሊ የሚለያዩት ቅጥያቸው በወገብ ወይም በግርጌ በመሆኑ ብቻ ነው። ቅጥያው 0.3 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው ብንልና ከ40 ሴንቲ ሜትር ብናነብ፣ በዓይን ላይ 2.6 ደቂቃ ይሆናል፤ ከወሰኑ በላይ ስለሆነ በወረቀት ላይ ያለ ችግር ይነበባል። በኢንች 96 ፒክስል ባለው የቆየ የኮምፒዩተር ስክሪን ላይ ግን ለቅጥያው የሚደርሰው አንድ ፒክስል ብቻ ነው፤ ፊደሉ በአንድ ፒክስል ከፍ ወይም ዝቅ ካለ ቅጥያው ከነሙሉ ውፍረቱ ይዘላል። በ326ቱ ላይ ወደ አራት ፒክስል ያገኛል። የጥግግቱ ጥቅም ለፊደላችን ከላቲን ይልቅ ሳይበልጥ አይቀርም፤ ይህን በልኬት ማረጋገጥ ለተመራቂ ተማሪ የሚገባ ርዕስ ይመስለኛል።

ወደ ሁክ ስንመለስ፣ የሄቬሊዩስን ዓይን የነቀፈው ሰው የራሱም ዓይን ሳያታልለው አልቀረም። በ1669 በሚኖርበት በግሬሻም ኮሌጅ ጣሪያና ወለሉን በስቶ 36 ጫማ ርዝመት ያለው ቴሌስኮፕ ቀጥ አድርጎ አቆመና፣ በለንደን አናት ላይ የሚያልፈውን ጋማ ድራኮኒስ የተባለ ኮከብ ተከታተለ። ያደረገው ምልከታ አራት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ መሣሪያው ተበላሸ፤ ጤናውም ታወከ። ከአራቱ ተነሥቶ ግማሽ ደቂቃ ገደማ የሚሆን ፓራላክስ እንዳገኘ በ1674 አሳተመ። ልኬቱ ስሕተት ነበር። በቴሌስኮፕ የታጠቀ ዓይንም የሚፈልገውን እንደሚያይ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ይቸግራል፤ ሆኖም ዘዴው ትክክለኛ ነበር። ከ1666ቱ የለንደን እሳት በኋላ የከተማዋ ቀያሽ ሆኖ ከክሪስቶፈር ሬን ጋር ሲሠራ፣ የእሳቱ መታሰቢያ የሆነውን 202 ጫማ ዐምድ ውስጡን ባዶ አድርጎ ያሠራው ለዚሁ ምልከታ እንዲያገለግል ጭምር ነው። የመንገዱ ጋሪ ያንቀጠቀጠው ስለነበር አልተሳካም።

ቀሪው ዘመኑ በጸብ የተሞላ ነው። በ1686 የስበት ኃይልን ሕግ አስመልክቶ ከኒውተን ጋር የገባበት የይገባኛል ክርክር እስከ መጨረሻው አልበረደም። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ሰውነቱ አበጠ፤ ያን ሁሉ ያየበት ዓይኑም ደከመ። በመጋቢት 1703 በግሬሻም ኮሌጅ በሚገኘው ክፍሉ ሞተ። በዚያው ዓመት ኒውተን የሮያል ሶሳይቲ ፕሬዚዳንት ሆነ። ለሌሎች ይህን ያህል የሣለው ሰው የራሱ የተረጋገጠ ሥዕል አልቀረለትም።

ጀምስ ብራድሊ በዚያው በጋማ ድራኮኒስ ላይ፣ በሁክ ዘዴ በተተከለ ቴሌስኮፕ ተከታትሎ በ1728 ኮከቡ በዓመት ውስጥ ከመሃሉ ወዲህና ወዲያ 20 ሰከንድ እንደሚወዛወዝ አሳየ። ይህም ፓራላክስ ሳይሆን የምድር ጉዞና የብርሃን ፍጥነት ተዳምረው የሚፈጥሩት መዛባት ነበር፤ ምድር እንደምትንቀሳቀስ ግን በዚያው ተረጋገጠ። ፓራላክሱን ራሱን ፍሬድሪክ ቤሰል በ1838 በሌላ ኮከብ ላይ ለካው። መጠኑ 0.31 ሰከንድ፣ ማለትም ሁክ ለዓይን ከሰጠው ወሰን ሁለት መቶኛ ገደማ ነበር።